በሐኪም ክር የተሰፉት ገጾች

ለምወድህ ወንድሜ ለክብሩ ደምሴ፤

ከሰው አገር ብርድ፣ ከክፉ ሰው ዓይንና ከሱቅ ሰባሪ እስከ ዛሬ የጠበቀህ አምላክ ስሙ ይመስገን እያልኩ፣ ለጤናህ እንደምን አለህ? ወገብህስ እንዴት ሆነ? ያ የሚያንገላታህ ሳል ለቀቀህ ወይስ አሁንም ሱቁ ውስጥ በቆርቆሮው ሥር ነው የምታድረው? ምግብስ በሰዓቱ ትቀምሳለህ? ይህን ሁሉ በስልክ ጠይቄህ ሁሉንም «ደህና ነኝ» ብለህ በአንድ ትንፋሽ እንደጨረስከው አልረሳሁም፤ ለዚህ ነው በጽሑፍ የምደግመው። ወረቀት ላይ መዋሸት እንደ ስልኩ አይቀልም። ዛሬ ብዕር ይዤ ስቀመጥ ያየሁት ይህንኑ ነው።

እኛ እንዳለን አለን። እማማ ጉልበቷ ቢያስቸግራትም ከቤተ ክርስቲያን አትቀርም። ባለቤቴ በኃይሉም እንደምታውቀው ነው፤ ከሥራ ሲመለስ ጋዜጣውን ይዞ ይቀመጣል፣ ሳያነበው ያንቀላፋል። እኔ ኮሌጁ ውስጥ ያው የጸሐፊነት ሥራዬ ላይ ነኝ፤ የሌሎች ሰዎችን ደብዳቤ በቀን አርባ ጊዜ እተይባለሁ፤ የራሴን ለመጀመር ግን አሥር ቀን ፈጀብኝ።

ባለፈው እሑድ ደውለህ «እኔ በደወልኩ ቁጥር አባባ የሚተኙት ለምንድን ነው?» ብለህ እማማን አጥብቀህ ስትይዛት፣ ስልኩን ለእኔ አቀብላ ጓዳ ገባች። እኔም መስመሩ የተቆራረጠ አስመስዬ ዘጋሁት። ይቅር በለኝ። መስመሩ ደህና ነበር።

በፊት በላክህልኝ ማስታወሻ ላይ ሁለት ነገር ጠይቀኸኝ ነበር። አንደኛው፣ ወረቀትህ ሳያልቅ ከዚያ አገር ከወጣህ መመለሻ እንደሌለህ፣ ዓምና ዘርፈውህ እንደገና ያቆምከው ሱቅም እንደሚቀር እያወቅህ፣ አባባን ለማየት ልምጣ አልምጣ ያልከው ነው። ሁለተኛው ስለ ፊልሙ ነው፤ አባባ እንዴት ፈረዱት ብለሃል። ሁለቱም መልስ አላቸው፤ ግን አንዱ ያለ ሌላው አይገባህምና ከፊልሙ ልጀምር። ታግሠህ በቅደም ተከተል አንብበው፤ ወደ መጨረሻው ገጽ እንዳትዘልብኝ።

ዲቪዲውን እዚያው አብሮህ ያለው ወልደጻድቅ ለእረፍት ሲመጣ በየካቲት አድርሶልናል። ሽፋኑ ላይ መብራት የሰቀለችውን ጀልባ አይተህ የልጅነታችን መጽሐፍ መሆኑን በአንድ እይታ እንደለየኸው፣ አንተ ራስህም «መጀመሪያ አባባ ይፍረዱት» ብለህ ሳታየው እንደላክኸው ነገረን። እማማ ሽፋኑን በነጠላዋ ጠርዝ ጠርጋ መጽሐፍ ቅዱሱ አጠገብ አስቀመጠችው። ያን ቀን ቤቱ ትንሽ ደስ ብሎት ነበር።

መጽሐፉን መቼም አትረሳውም። አባባ ቡሹሎ ጤና ጣቢያ ቁስል የሚያጥቡ ድሬሰር በነበሩበት ጊዜ ወደ አገሯ የምትመለስ ፈረንጅ ነርስ የሰጠቻቸው፣ ቀይ ሽፋን ያለው መጽሐፍ። ሲመሽ፣ ራት እስኪቀርብ፣ በረንዳው ላይ እግራቸው ሥር እንቀመጣለን፤ እሳቸው እንግሊዝኛውን እያዩ በአማርኛ ያነቡልናል። ሦስት ልጆች ሐይቅ ዳር ይኖራሉ። ትንሿ ትታመማለች። መብራት የሰቀለ ጀልባ ይመጣና ቀዛፊው ልጅቷን በጋቢ ጠቅልሎ ወደ ማዶ ይወስዳታል። ሁለቱ ትልልቆች በአባ ኮዳ፣ በዚያ ራሰ በራ ትልቅ ወፍ፣ እየተመሩ ሊያመጧት ይወጣሉ፤ ሊሰጥሙ ሲሉም ቀዛፊው ውኃው ውስጥ ገብቶ እነሱን ያወጣና ራሱ ከነመብራቱ ይሰጥማል። በሦስተኛው ቀን አመሻሽ ላይ ግን መብራቱ እንደገና ውኃው ላይ ይታያል። ልጆቹ እህታችን መጣች ብለው ይሮጣሉ። ጀልባዋ ባዶዋን ናት። ቀዛፊውም «እህታችሁ እኔ ዘንድ ናት፤ ቀኑ ሲደርስ እናንተ ትመጣላችሁ እንጂ እሷ አትመለስም። አሁን ግቡና ራታችሁን ብሉ» ይላቸዋል። አባባ መጽሐፉን ይዘጋሉ፤ እማማም ልክ እንደተቀጣጠረች «ግቡ፣ ራት ቀረበ» ትለን ነበር።

ዲቪዲው መምጣቱን የሰንበት ትምህርት ቤቱ ፍቅሬ ሰማና ለፋሲካ ዋዜማ በአዳራሹ ለልጆቹ እናሳየው አለ። አንተ ከሄድክ ወዲህ የወጣ ደንብ አለ። ሁለት ዓመት ይሆነዋል፤ «መንፈሳዊ ነው» ተብሎ የገባ ፊልም መሐሉ ላይ መሳሳም ተገኘበትና ሽማግሌዎቹ ፕሮጀክተሩን በኮት ሸፈኑት። ከዚያ ወዲህ ሦስት ሰው አይቶ፣ ቃለ ጉባኤ ጽፎ፣ ካልፈረመ በቀር አዳራሹ ውስጥ የሠርግ ቪዲዮ እንኳ አይታይም። ለዚህኛው ከሽማግሌዎቹ አቶ ገብረየስ፣ ፍቅሬና እኔ ተመደብን፤ እኔን የመረጡኝ እንግሊዝኛ ስለምችልና መጽሐፉን ስለማውቀው ነው። መጽሐፉን ስለማውቀው! ይህን ቃል ያዝልኝ።

የቤተ ክርስቲያኑ ማጫወቻ ስለተበላሸና መብራትም በፈረቃ ስለሆነ፣ አዲስ ከተማ ያለው የጎረቤታችን የአብዱልሃሚድ ቪዲዮ ቤት ሄድን፤ እሱ ጄኔሬተር አለው። አቶ ገብረየስ ከነከዘራቸው ሲገቡ አብዱልሃሚድ ወንበር ጠረገላቸውና፣ ቪዲዮ ቤቱ ከተከፈተ ጀምሮ ሽማግሌ ሲገባ የመጀመሪያው መሆኑን፣ ከመጡም ሁልጊዜ ልጅ ሊያስወጡ እንጂ ሊቀመጡ እንዳልሆነ ነገራቸው። እሳቸውም ፈገግ ሳይሉ የፊቱን መቀመጫ ያዙ። እኔ መሐል ሆኜ እተረጉምላቸው ጀመር።

እውነቱን ልንገርህ፤ ገና ከመነሻው ተቀይሜ ነው ያየሁት። አባባ ያነበቡልን ቀዛፊ እጁ የሻከረ፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነበር፤ እነሱ ያመጡት ጥርሱ የሚያበራ፣ ፀጉሩ በነፋስ የሚበተን ጎረምሳ ነው። የእኛ ሐይቅ ጭቃና ቄጠማ አለው፣ ልጆቹ ቆሮሶ ዓሣ ጠብሰው ይበላሉ፤ የእነሱ ሐይቅ እንደ ቀለም ሰማያዊ ነው፣ ልጆቹም ኬክ ይበላሉ። አባ ኮዳን ጭራሽ አጥፍተውታል። ያ አሞራ ገደል ዓሣ ቤት ደጃፍ እንደ ጡረተኛ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ የሚቆመው፣ ራሰ በራው፣ አዛኙ አባ ኮዳ የለም፤ በቦታው አንገቷ የረዘመ ነጭ ወፍ አስገብተዋል። እየደጋገምኩ «ይህ ከመጽሐፉ የለም፣ ይህም የለም» ስል፣ አቶ ገብረየስ በእያንዳንዱ ላይ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። ወንድሜ፣ እስቲ ፍረደኝ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሞልቶኝ፣ ፈረንጅ በአገሯ የጻፈችው መጽሐፍ ውስጥ አባ ኮዳና ቆሮሶ ምን ያደርጋሉ ብዬ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም።

ጥሩ ነገር አልነበረውም አልልም። ቀዛፊው የሚሰጥምበት ቦታ ላይ ሙዚቃውን አቁመው የውኃውን ድምፅ ብቻ ያሰሙናል፤ እዚያ ላይ ፍቅሬ መነጽሩን አወለቀ። መሥዋዕትነቱን አላቀለሉትም፣ አልቀለዱበትምም። አቶ ገብረየስ ወፏ መናገሯ ስላልጣማቸው የመናፍስት ነገር እንዳይሆን ሲሉ፣ ፍቅሬ የበለዓም አህያም ተናግራለች ብሎ ዝም አሰኛቸው። እስከዚያ ድረስ ፊልሙ ሊያልፍ ምንም አልቀረውም ነበር።

ከዚያ መጨረሻው መጣ። መብራቱ ውኃው ላይ ታየ፣ ልጆቹ ሮጡ፣ ጀልባዋም ደረሰች፤ ትንሿ ልጅ ከፊት ቆማ እጇን እያውለበለበች ነበር። ወንድሟን በስሙ ጠራችው። ተቃቀፉ። ሦስቱም እየሳቁ ወደ ቤት ገቡና አለቀ። እኔ ደሜ ፈላ። የአባባን ቃል ጠምዝዘው፣ የሞተን ልጅ እንደ ገና ስጦታ ለተመልካች የሸጡ መሰለኝ። ከኋላ ሆኖ ሲያይ የነበረው አብዱልሃሚድ ዓይኑን በሸሚዙ እጅጌ እየጠረገ «ሐዳሳ፣ ይህን የጠላሽው ምን ሆነሽ ነው?» አለኝ። 

ፍቅሬ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፤ መጽሐፉን ራሴ አንብቤው እንደሆነ። አባቴ አንብበውልኛል፣ ከሃያ ጊዜ በላይ፣ አልኩት፤ መጠየቁም ራሱ አበሳጨኝ። ቃለ ጉባኤውንም በዚያች ቆንጆ ጽሕፈቴ እንዲህ ብዬ ጻፍኩት፦ «መጽሐፉ ልጅቷ ተመለሰች አይልም። ከመጨረሻው ቀን በፊት ሙታን ወደ ቤታቸው እንደሚመለሱ አድርጎ ማሳየት የፊልሙ ሠሪዎች የጨመሩት ስለሆነ፣ ሐዘን ያለበትን ልጅ በከንቱ ተስፋ ያስታል።» ሦስታችንም ፈረምን። ውሳኔው እሑድ ተነበበ። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆች ፊታቸው ጠቆረ፤ እኔ ግን የአባቴን መጽሐፍ ክብር ያስጠበቅሁ መስሎኝ ቀና ብዬ ወጣሁ።

አሁን ወደ አባባ ልምጣ። በስልክ «ስኳሩ ትንሽ ከፍ ብሎባቸዋል» ስንልህ የከረምነው ግማሹን ነው። ዓይናቸው ከገና በኋላ ሙሉ በሙሉ ሄዷል። ኩላሊታቸውም ደከመ፣ እግራቸው አበጠ። በመጋቢት ሐኪሙ ፋይሉን አጥፎ ወደ ቤት ወስዳችሁ ተንከባከቧቸው አለን። አባባ እዚያው አልጋው ላይ ሆነው ሰምተውታል፤ ሠላሳ ዓመት እሳቸውም ለሌላው ሰው ሲሉት የኖሩት ቃል ነው። መኪና ውስጥ ስንገባ «ጨዋ ልጅ ነው፣ አልቀባጠረም» ብለው ሐኪሙን አመሰገኑት።

ከሆሳዕና ማግስት ሰኞ ከሰዓት በኋላ የእኛ ሰፈር ፈረቃ ነበርና መብራት መጣ። እማማ ገበያ ሄዳለች። አባባ ከአልጋቸው ሆነው ክብሩ የላከው ፊልም ታዲያ ምን ሆነ፣ እኔ ልፈርደው አልነበረም ወይ አሉኝ። ቤተ ክርስቲያኑ እንደከለከለው ነገርኳቸው፤ ለምን እንደሆነ ግን አልነገርኳቸውም። «ከልክለው ከሆነማ ይታይ» አሉ። ከፈትኩላቸውና አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ፣ እሳቸው ድሮ ያነቡልን በነበረው ዓይነት፣ የማየውን በአማርኛ እነግራቸው ጀመር።

አባ ኮዳው የት ደረሰ ብለው ጠየቁኝ። አስወጥተውት ነጭ ወፍ እንዳስገቡ ስነግራቸው ሳቁ፤ ከገና ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ቆሮሶውስ አሉኝ፤ ኬክ ሆኗል አልኳቸው። ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠና ውኃ አጠጣኋቸው። ያኔ ነበር መንቃት የነበረብኝ።

መጨረሻው ተቃረበ። ለሰውየው የቀረው ዕድሜ በጣት የሚቆጠር ነው፤ ልጅቷ ተመለሰች ብዬ የራሳቸውን ታሪክ በጆሯቸው ላበላሽባቸው አልፈለግሁም። ስለዚህ ዋሸሁ። ስክሪኑ ላይ ልጅቷ እጇን እያውለበለበች፣ እኔ «ጀልባዋ ደረሰች አባባ፤ ባዶዋን ናት» አልኳቸው። ነገር ግን ድምፁን መቀነስ ረስቼ ኖሯል። ልጅቷ ወንድሟን ጠራች፤ ሦስቱም ሲስቁ ቤቱን ሞላው። አባባ የማያየውን ዓይናቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ። ከዚያ እጄን ፈልገው ያዙና እንዲህ አሉኝ፦

«ሐዳሳ፣ እኔም እዚያ ቦታ ላይ ነው የዘለልኩት።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ቀስ ብለው አስረዱኝ። መጽሐፉ ልክ እንደ ፊልሙ ነው ያለው፤ ልጅቷ ትመለሳለች። ፊልሙ ከመጽሐፉ ዝንፍ አላለም፤ ዝንፍ ያሉት እሳቸው ናቸው። ያነበቡልን ትንሿ እህታችን ብርቅዬ በኩፍኝ በሞተችበት በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ነው። አንተ አሥር፣ እኔ ስምንት፣ እሷ አምስት ዓመታችን ነበር። ትዝ ይልህ እንደሆነ፣ ትልልቆቹ ተማክረው ሕፃን መርዶ አይችልም ብለው ብርቅዬ ቱላ ከተማ አክስታችን ዘንድ ሄዳለች አሉን። እንዲህ ነው የሚደረገው፤ እነሱም እንደዚያው ተደርጎላቸው ነው ያደጉት። እኔ አምኜ ተውኩት፤ አንተ ግን የፕላስቲክ ጫማዋን አልጋ ሥር አገኘህ። ጫማዋን ሳትይዝ ነው የሄደችው ብለህ፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በየቀኑ ጫማዋን ይዘህ የቱላ መንገድ ላይ ትቀመጥ ጀመር። ከዚያ የሚመጣውን ጋሪና መኪና ሁሉ ታያለህ። አራት ወር። አባባ ከሥራ ሲመለሱ ከመንገድ ላይ ያነሱህ ነበር። እህትህ ሞታለች ለማለት አንደበት አጡ፤ እማማም እንዳይነገርህ አስምላቸዋለች። ያን ጊዜ ነው መጽሐፉን ያወጡት። ታሪኩ የእኛ እንዲመስልህ አባ ኮዳውን አስገቡ፣ ቆሮሶውን አስገቡ፤ መጨረሻው ጋ ሲደርሱ ደግሞ ጀልባዋን ባዶዋን መለሷት። ራታችሁን ብሉ ያሉት ቀዛፊው ሳይሆን እሳቸው ናቸው። በሦስተኛው ምሽት አንተ ገብተህ በላህ፤ በማግሥቱ የቱላ መንገድ አልሄድክም። ጫማዎቹን ለእማማ ሰጠሃት።

«ፈረንጇ ጥሩ አድርጋ ጽፋዋለች» አሉኝ። «ጥሩ ስለሆነ ነው የፈራሁት።»

መጽሐፉን ከሳጥናቸው አወጣሁት። የመጨረሻዎቹ ሰባት ገጾች ዙሪያቸውን ተሰፍተዋል፤ ቁስል በሚሰፋበት ጥቁር ክር፣ በእኩል እኩል ርቀት፣ የሠለጠነ እጅ የሰፋው። ሥዕሉን ስናገላብጥ እንዳናየው ነው። በክሮቹ መሐል አጮልቄ ሳይ ጀልባዋም፣ የልጅቷም እጅ ይታያል፤ ነጯ ወፍም አለች።

በማግሥቱ አቶ ገብረየስ ዘንድ ሄጄ ምስክርነቴ ስሕተት መሆኑን ተናገርኩ፤ መጽሐፉንም አሳየኋቸው። መጽሐፉም እንዲህ ካለ መጽሐፉም አብሮ ተሳስቷል ብለው፣ ቃለ ጉባኤውም አንዴ ለጉባኤ ተነቧልና አይነካም አሉኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ። የወረቀቱ ጸሐፊ እኔ ስለሆንኩ ግን ሞኙን ከሌላ ቦታ አልፈልገውም። አብዱልሃሚድ ነገሩን ሰምቶ፣ ባለቤቱ ሙንተሃም ልጆቹ አሳዝነዋት ገፋፍታው ነው መሰለኝ፣ የፋሲካ ዋዜማ ቀን የሰንበት ትምህርት ቤቱን ልጆች በሙሉ ሰብስቦ በነፃ አሳያቸው። አልቅሰውም ስቀውም ወጡ አሉ። እኔ አልሄድኩም፤ አባባ አጠገብ ነበርኩ።

ወንድሜ፣ እንግዲህ ወደ ሌላው ጥያቄህ ደረስን። ተቀመጥ። ሱቁ ክፍት ከሆነ ዝጋው።

አትምጣ። አባባን ለማየት ከሆነ አትምጣ። አባባ ከፋሲካ በኋላ በነበረው ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 13 ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ዐርፈዋል። እማማ እግራቸውን እያሸች፣ እኔ ራስጌያቸው ሆኜ ነበር። አልተሠቃዩም ብዬ አልዋሽህም፤ እሑድና ሰኞ ብዙ ተሠቃይተዋል። በመጨረሻው ጠዋት ግን ጸጥ ብለው ነበር። ቀብሩ በማግሥቱ ሆነ፤ ብዙ ሰው መጣ፤ ከቡሹሎ እሳቸው ቁስላቸውን ያጠቡላቸው ሽማግሌዎች ሳይቀሩ በእግራቸው መጥተው ነበር። ከዚያ ወዲህ አራት ጊዜ ደውለሃል፤ አራቱንም ጊዜ ተኝተዋል ብለንሃል።

ድንኳኑ ሳይፈርስ ነው ቤተሰቡ የመከረው። ከሰማ ሁሉን ጥሎ ይመጣል፣ ወረቀቱም ይበላሻል፣ ስለዚህ የሐምሌው ቃለ መጠይቅ እስኪያልፍ አይነገረው አሉ። እማማም፣ በኃይሉም፣ አቶ ገብረየስም በዚህ ተስማሙ። ገና አልተመለሰም ነበርና ወልደጻድቅም ለቅሶው ላይ ነበር፤ እንዳይነግርህ ምሏል። ይህን የሚያደርስልህ እሱ ነው፤ ስለ ፊልሙ ብቻ የጻፍኩልህን ደብዳቤ የያዘ ይመስለዋል፤ አትቀየመው። እነሱም ክፉ አስበው አይደለም። ሕፃን መርዶ አይችልም ያሉትም ያኔ ክፉ አስበው አልነበረም።

እኔም ዝም ለማለት ሞክሬ ነበር። ግን ያን ሰኞ አባባ እጄን እንደያዙ የጨመሩት ነገር አለ፤ በማን እንደሚደርስ ሳያውቁ ለአንተ የተናገሩት መርዶ ነው። «እኔ ስሄድ እንደ ያኔው እንዳታደርጉት» አሉኝ። «ያ ልጅ መጠበቅ ይችልበታል። መንገድ ላይ አታስቀምጡት። ግባና ራትህን ብላ በይው።»

ይኸው ብዬሃለሁ። ሌላ የምጨምርልህ ማጽናኛ ቢኖረኝ አልሰስትብህም ነበር፤ የለኝም። ወረቀቱ ይሰጥሃል ብዬ አልነግርህም፤ አላውቅም፤ ስድስት ዓመት ሙሉ በሚቀጥለው ዓመት ሲሉህ ሰምቻለሁ። ትንሣኤን አምናለሁ፤ አባባም አምነው ነው የሄዱት። ግን ያ ቀን ሩቅ ነው፤ አልጋው ደግሞ እዚሁ ሳሎን ውስጥ ባዶውን አለ። ከሥራ ስገባ «ማነው?» የሚለኝ የለም። ፊልሙ እንዴት ነው ብትለኝ፣ እውነተኛ ነው፣ ለመጽሐፉ የታመነ ነው፤ እኔ ነኝ በሐሰት የፈረድኩበት። ቢሆንም ሁለተኛ ላየው አልችልም።

መጽሐፉን ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። ክሩን አልቆረጥኩትም። ሰባት ገጽ ነው፤ ብትቆርጠውም ብትተወውም የአንተ ነው። መጀመሪያውኑም የተሰፋው ለአንተ ነበር።

በኃይሉ እጅግ አድርጎ ሰላም ይልሃል። አብዱልሃሚድና ሙንተሃ ሰላም ብለውሃል፤ ለቅሶው ሰሞን ሦስት ቀን ሙሉ ምግብ ያመላለሱት እነሱ ናቸውና ስትደውል አመስግናቸው፤ በሌላ ነገር አስመስለህ ግን ይሁን። ፍቅሬ በጸሎት ያስብሃል። እማማ ጉንጭህን ሁለቴ ትስምሃለች። ይህን መጻፌን አታውቅም። እሑድ ስትደውልላት አባባ ተኝተዋል ትልሃለች፤ እሺ በላት።

ያንተው እህት ሐዳሳ ደምሴ
ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ
ሚያዝያ 23 ቀን 2001 ዓ.ም.